ያላለቀሰችው እናት፦ ስሜትና ምክንያት ችሎት ፊት

ነገሩ የሆነው በ1980 ነው። እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አውስትራሊያ መሃል በረሃ ላይ፣ ኡሉሩ ከሚባለው ግዙፍ ዐለት አጠገብ፣ ድንኳን ተክለው ካረፉት ቤተሰቦች አንዱ የቻምበርሌን ቤተሰብ ነበር። ኦገስት 17 ማታ እናትየዋ ሊንዲ ወደ ድንኳኗ ስትመለስ የዘጠኝ ሳምንት ሕፃኗ አዛሪያ የለችም። ዲንጎ፣ ማለትም የአገሩ የዱር ውሻ፣ ልጄን ወሰዳት ብላ ጮኸች።

አሟሟቱን መጀመሪያ ያጣራው መርማሪ ዳኛ አመናት። ሕዝቡ ግን አላመናትም። ለምን? ሴትየዋ ቴሌቪዥን ላይ ስትቀርብ አታለቅስማ። ረጋ ብላ ነው የምታወራው። ዲንጎ ያደነውን ሲበላ ቆዳውን እንዴት እንደሚገፍ ሳይቀር ታስረዳለች። ልጇ የሞተባት እናት እንዲህ ትሆናለች እንዴ ተባለ። ልብሷ፣ ፀጉሯ፣ ሃይማኖቷ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። ከዚያ ባለሙያዎች መጡና መኪናቸው ውስጥ የሕፃን ደም አገኘን አሉ። በ1982 ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ገድላታለች አለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደባት።

በ1986 ከዐለቱ ላይ ወድቆ የሞተ ጎብኚ አስከሬን ሲፈለግ፣ የዲንጎ ጎሬዎች ባሉበት አካባቢ የአዛሪያ ትንሽ ጃኬት ተገኘ። ልጄ ለብሳው ነበር ብላ ሊንዲ ስትናገር ያላመኗት ጃኬት ነው። ተፈታች። በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ መኪናው ውስጥ እንደ ደም ፍንጣቂ የቀረበው ነገር ፋብሪካው ድምፅ ለማፈን የረጨው ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ። በ1988 ፍርዱ ተሰረዘ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት፣ ስለ ስሜትና ስለ ፍርድ ስናወራ ሁልጊዜ የምንሰማው ነገር እዚህ ላይ ስለማይሠራ ነው። ስሜት ፍርድን ያበላሻል፣ ቀዝቃዛ ምክንያትና ሳይንስ ያስተካክለዋል ይባላል። እዚህ ግን ሳይንስ ነበር። ጠበቃ ነበር፣ መስቀለኛ ጥያቄ ነበር፣ ቀነ ቀጠሮ ነበር። አገር ምድሩ "ይቺ ሴት ፊቷ ደስ አይልም" ብሎ ከወሰነ በኋላ ግን ላቦራቶሪው የሚያወጣው ሁሉ ከዚያ ስሜት ጋር ገጠመ። ስሜቱ ስሙን ሳይናገር፣ የምክንያትን ልብስ ለብሶ ችሎት ገባ። እኔን የሚያስፈራኝ በግልጽ የሚያለቅስ ወይም የሚቆጣ ዳኛ አይደለም። ስሜት እንዳለው የማያውቅ ዳኛ ነው የሚያስፈራኝ።

የጎበጠው ማስመሪያ

ሕግ የሚማር ሰው ገና ከበሩ የሚሰማው ምክር አለ። ዳኛ ስሜቱን ውጭ ትቶ ይገባል። አሪስቶትል ሕግን ምኞት የሌለበት አእምሮ ነው ብሎታል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ደግሞ በ1651 ለጥሩ ዳኛ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ፣ ሲፈርድ ፍርሃትን፣ ቁጣን፣ ጥላቻን፣ ፍቅርንና ርኅራኄን ከላዩ ላይ ማውለቅ መቻል ነው ሲል ጻፈ። ልብ በሉ፣ ርኅራኄም ከጥላቻ ጋር አብሮ ነው የሚወልቀው።

ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ዳኛው ዛሬ ጠዋት ከሰው ጋር ተጣልቶ ስለመጣ የእናንተ ቅጣት በሁለት ዓመት ቢጨምር ትስማማላችሁ? ማንም አይስማማም። አሪስቶትል ለዚህ የሰጠው ምሳሌ ዛሬም አላረጀም። ፈራጅን በቁጣ፣ በቅናት ወይም በሐዘኔታ ማጣመም ማለት አናጢ የሚለካበትን ማስመሪያ ከመጠቀሙ በፊት እንደ ማጉበጥ ነው ይላል። በጎበጠ ማስመሪያ የተለካ ነገር ሁሉ ጎባጣ ነው፣ አናጢው ግን ቀጥ ያለ ይመስለዋል።

ችግሩ ያው አሪስቶትል የማስመሪያውን ምሳሌ በሰጠበት ሥራው ቆየት ብሎ የተናገረው ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ብዙ ሰው አያነሳውም። ቁጣ ማለት ያለ አግባብ ተንቄያለሁ ከሚል ሐሳብ የሚመጣ፣ ሕመም ያለበት የበቀል ፍላጎት ነው ብሎ አስቀመጠው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቁጣ ውስጥ ሐሳብ አለ ማለት ነው። ስልኬን ሰረቅከኝ ብዬ ብቆጣና ስልኩ ከገዛ ቦርሳዬ ቢገኝ ቁጣዬ ወዲያው ይተናል። ራስ ምታት ግን በማስረጃ አይለቅም። ፍርሃትም እንዲሁ ነው፣ "አደጋ አለ" ይላል። ሐዘኔታ "ይህ ሰው የማይገባው ነገር ደረሰበት" ይላል። ጸጸት "አጥፍቻለሁ" ይላል። እያንዳንዱ ስሜት የሆነ ነገር እውነት ነው ብሎ ይናገራል። የሚናገር ነገር ደግሞ ሊጠየቅ፣ ሊመረመር፣ ሊረጋገጥ ይችላል። በእኔ እይታ የፍርድ ቤት ሥራ ስሜትን ማባረር ሳይሆን እንደ ማንኛውም ምስክር ቃለ መሐላ አስገብቶ መጠየቅ ነው።

ሕጉ ራሱ በስሜት የተሞላ ነው

ሕግ ከስሜት ነጻ ነው የሚል ሰው የወንጀል ሕግ አንብቦ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው የገደለ ሁሉ እኩል አይቀጣም። አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ የገደለ አንድ ነገር ነው፤ በድንገት ደሙ ፈልቶ የገደለ ሌላ ነው። ራስን መከላከል የሚባለው ነገር መሠረቱ ፍርሃት ነው፣ ፍርድ ቤቱም "ይህ ፍርሃት ምክንያታዊ ነበር ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ማስፈራራት ወንጀል የሆነው ፍርሃት ራሱ ጉዳት ስለሆነ ነው። በብዙ አገር ለደረሰ የሥነ ልቦና ሥቃይ ካሳ ይከፈላል። ጸጸት ቅጣት ያቀላል፣ ጭካኔ ያከብዳል። ምሕረትና ይቅርታም የሕጉ አካል ናቸው።

ስለዚህ ሕግ ሁልጊዜ ስሜትን እየመዘነ ነው የኖረው። ዋናው ጥያቄ የማንን ስሜት፣ በምን ሚዛን የሚለው ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዝን የቁጣ ሕግ ታሪክ ቆም ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

በ1707 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሰው ተቆጥቶ ቢገድል ጥፋቱ የሚቀልባቸውን ሁኔታዎች ዘረዘረ። ከነሱ አንዱ ባል ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር ሲያገኛት ነው። የተሰጠው ምክንያት፣ ቅናት የወንድ ልጅ ቁጣ ነው፣ ዝሙት ደግሞ ንብረትን ከመድፈር ሁሉ የከፋው ነው የሚል ነበር። ንብረት! ሕጉ ቁጣውን "ተፈጥሯዊ" ብሎ ሲቀበል ከቁጣው ውስጥ ያለውን ሐሳብ አብሮ ተቀበለ፣ ሚስት የባል ንብረት ናት የሚለውን። ቁጣውን ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ይህን ያገኘው ነበር። ግን ለብዙ ዘመን አልጠየቀውም።

በ1949 ደግሞ አንድ ዳኛ መለኪያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡት። ቁጣው "ድንገተኛና ጊዜያዊ" ራስን የመቆጣጠር ማጣት መሆን አለበት። የሚያሳዝነው፣ ይህ መለኪያ የወጣው ባሏ ሲያሠቃያት የኖረች ሴት ተከስሳ በቀረበችበት ችሎት ነው፣ ተፈረደባትም። ድንገተኛ የሚለው ቃል ገለልተኛ ይመስላል። ግን ማን ነው በድንገት ገንፍሎ፣ በእጁ ብቻ ሊገድል የሚችለው? አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት የሚበልጠው ነው። ለዓመታት የተደበደበች ሴት በድብድቡ መሃል መልሳ ብትመታ እሷው ናት የምትሞተው። የእሷ ቁጣ ከፍርሃት ጋር ተደባልቆ ቀስ እያለ ነው የሚንተከተከው። ሕጉ ይህን ሲያይ "በረድ ብለሽ አስበሽበታል" ይላታል።

የኪራንጂት አህሉዋሊያ ጉዳይ ይህንን ፍንትው አድርጎ አሳየ። አሥር ዓመት ገደማ ባሏ ሲደበድባት ኖረ። በ1989 አንድ ሌሊት እሱ በተኛበት ቤንዚን አርከፍክፋ ለኮሰችው፣ ሞተ። ነፍስ ግድያ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው፤ ሆኖም የሻረው የቁጣውን ሕግ አስተካክሎ ሳይሆን የአእምሮዋን ሁኔታ በሚያሳይ አዲስ የሕክምና ማስረጃ ነው። ጥፋቱ ወደ ቀለለ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ቅጣቱም የታሰረችበት ያህል ብቻ ሆኖ ወጣች። መፈታቷ ጥሩ ነው። ግን አስቡት፣ የወንዱ ቁጣ "የሰው ልጅ ድካም" ሲባል የሷ ፍርሃት "ሕመም" መባል ነበረበት።

የአገሪቱ ፓርላማ በ2009 ባወጣው አዋጅ ሕጉን ገለበጠው፣ በ2010 ሥራ ላይ ዋለ። ድንገተኛ መሆን አለበት የሚለው ቀረ። ከባድ ጥቃትን መፍራት እንደ ምክንያት ገባ። የትዳር ጓደኛ ውስልትና ብቻውን ምክንያት አይሆንም ተባለ። እንግዲህ ስሜት ከሕጉ አልወጣም። ሕጉ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሲሰማቸው ከነበሩት ስሜቶች አንዱን ጠይቆ ውሸቱን ነው አለ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ሌላውን ደግሞ መስማት ጀመረ።

ስሜት የሌለው ፈራጅ ቢኖርስ?

አንዳንድ ሰው ምነው ጨርሶ ስሜት የሌለው ዳኛ በኖረን ይላል። የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ ወደዚህ የቀረበ ሰው መርምሯል፣ በጽሑፎቹ ኤሊየት እያለ ነው የሚጠራው። ከግንባሩ ጀርባ ያለው የአንጎሉ ክፍል በዕጢ ተጎድቶ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ በኋላ የማሰብ ችሎታ ፈተናዎችን በደንብ ያልፋል። ትዝታው ደህና ነው፣ ንግግሩ ደህና ነው። ስሜቱ ግን ደንዝዟል። ውጤቱ ብልህ ዳኛ ሳይሆን መወሰን የማይችል ሰው ሆነ። ቀላል ምርጫ ሲሰጠው ግራና ቀኙን ሲመዝን ይውላል፣ ምክንያቱም የቱ ነገር ከየቱ እንደሚበልጥ አይሰማውም። ሥራው፣ ገንዘቡ፣ ትዳሩ ሁሉ ተበላሸበት።

ከዚህ ተነስቶ "ዳኛ ልቡ ያለውን ይፍረድ" ማለት አይቻልም። የሚያሳየው ነገር ግን አለ። አንድ ዳኛ ከሺህ ገጽ መዝገብ ውስጥ ይህቺ ነጥብ ወሳኝ ናት ብሎ ሲያሰምርባት፣ ያቺ ነጥብ ለምን እንደከበደችው የሚነግረው አንዱ ነገር ስሜቱ ነው።

ጁሪ ፊት የሚቀርብ ሐዘን

አሁን ወደ ማስረጃ እንምጣ። ሬሳ የሚታይበት ፎቶ ችሎት ላይ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ? በአሜሪካ የፌዴራል የማስረጃ ደንብ ዳኛው ይመዝናል። ማስረጃው እውነቱን ለማወቅ የሚጠቅመው ነገር፣ አድልዎ በመፍጠር ከሚያደርሰው ጉዳት በእጅጉ ካነሰ ሊያስቀረው ይችላል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ደንቡ የሚለው ፎቶው ያስለቅሳል ሳይሆን፣ ለቅሶው ማን ገደለው ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል ወይ ነው። ሬሳው እንዴት እንደቆሰለ አከራካሪ ካልሆነ፣ ፎቶው ጁሪውን "አንድ ሰው ለዚህ መክፈል አለበት" ወደሚል ቁጣ ይነዳዋል። እዚያ ያለው አንድ ሰው ደግሞ ተከሳሹ ነው።

ይህንን ያህል የሚጠነቀቅ ሥርዓት ሞት ቅጣት ላይ ሲደርስ ግን ተምታታበት። በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁሪው በባዶ ስሜት፣ በሐዘኔታ ወይም በቁጣ እንዳይመራ የሚያዝ መመሪያ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። በዚያው ዓመት በሌላ ጉዳይ፣ የሟች ቤተሰብ የደረሰበትን ሐዘን ለጁሪው መናገር አይችልም ብሎ በ5 ለ4 ወሰነ። እስከዚህ ድረስ ቢያንስ አንድ ወጥ ነው፣ ሁለቱንም ወገን አትስሙ ነው የሚለው። በአራት ዓመቱ፣ በ1991፣ ሁለተኛውን ውሳኔ በ6 ለ3 ገለበጠው። በዚያ ጉዳይ አያት ቀርበው፣ እናቱና እህቱ የተገደሉበት ትንሽ ልጅ እናቱ ለምን ወደ ቤት እንደማትመጣ ሳይገባው እንደሚያለቅስላት ተናግረው ነበር።

እኔ እዚያ ክፍል ብቀመጥ አለቅሳለሁ። ማንም ያለቅሳል። የቤተሰቡ ሐዘን መሰማት የለበትም ማለትም ይከብደኛል፣ ምክንያቱም የሞተው ሰው በመዝገብ ቁጥር ብቻ ሲጠራ እሱም ሌላ በደል ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚያለቅስለት የሌለው ሰው ሲገደልስ? ጎዳና ላይ የሚያድር፣ ቤተሰብ የሌለው፣ ወይም ቤተሰቡ መናገር የማይችልለት ሰው ቢገደል፣ ገዳዩ የሚቀጣው ያነሰ ነው? ሐዘን የሟችን ሰውነት ሲያሳየን አንድ ነገር ነው። የሟቾች ዋጋ መለኪያ ሲሆን ግን የአሪስቶትል ማስመሪያ ጎበጠ። ስለዚህ ቤተሰቡ ይናገር፣ ይደመጥ፤ ሞት ወይም ሕይወት የሚወስነው ሚዛን ላይ ግን እንባው መቀመጥ አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ።

ጸጸትን ከፊት ማንበብ

ወደ ሊንዲ ልመልሳችሁ። ፍርድ ቤቶች የሰውን ፊት እያነበቡ ይወስናሉ። ምስክሩ ሲናገር ላብ አላበውም? ተከሳሹ አንገቱን ደፋ ወይስ ቀና ብሎ አየን? ተጸጽቷል ወይስ እያስመሰለ ነው? ልምድ ያለው ሰው ይህን እንደሚለይ ብዙዎቻችን እናምናለን።

በ2006 ሁለት ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ፣ ሰው ውሸትን ከእውነት የሚለየው ከ100 ጊዜ 54 ያህሉን ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሮ መገመት 50 ነው። በሥራቸው ውሸታም የሚያጋጥማቸው ሰዎችም ከዚህ ብዙም የተሻሉ አልነበሩም። ጸጸት ደግሞ ከውሸትም ይከብዳል። ሐዘን አንዱን ያስጮኸዋል፣ ሌላውን ያደነዝዘዋል። አንዱ ባህል ዓይን ውስጥ አትይ ይላል፣ ሌላው ዓይኑን የሚሸሽ ሰው ይደብቃል ይላል። ሰው መድኃኒትም ሊወስድ ይችላል። በአሜሪካ በ1992 የተወሰነ አንድ ጉዳይ ላይ፣ ተከሳሹ ያለ ፈቃዱ ከባድ የአእምሮ መድኃኒት እየተሰጠው ነበር የተዳኘው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ። ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ለብቻቸው በጻፉት አስተያየት፣ ሞት ቅጣት ሲወሰን የጁሪው ግምት ስለ ተከሳሹ ጸጸት ወሳኝ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። በመድኃኒት የደነዘዘ ፊት ጨካኝ ፊት ይመስላል። ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ጸጸት መታየት ካለበት ከፊት ሳይሆን ከሥራ ይታይ። ካሳ ከፍሏል? ጥፋቱን አምኖ ተጎጂውን ከረጅም ክርክር አድኖታል? የሰረቀውን መልሷል? እነዚህ ሊረጋገጡ ይችላሉ።

ዳኛውስ ምን ያድርግ?

በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበ አንድ ጉዳይ ነበር። ጆሹዋ የሚባል የአራት ዓመት ሕፃን አባቱ ደብድቦት አንጎሉ ዕድሜ ልኩን ተጎዳ። የአካባቢው የሕፃናት ድጋፍ ሠራተኞች አባትየው እንደሚመታው ምልክቶችን ሲያዩ፣ ሲመዘግቡ ከርመዋል። ግን ልጁን ለዘለቄታው ከአባቱ እጅ አላወጡትም። እናቱ መንግሥት ይጠየቅልኝ አለች። ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 አይጠየቅም አለ፤ የመታው አባቱ እንጂ መንግሥት አይደለም። ዋና ዳኛው ሬንኲስት የብዙኃኑን ውሳኔ ሲጽፉ፣ ዳኞችም እንደ ማንኛውም ሰው በዚህ ዓይነት ጉዳይ ልባቸው እንደሚነካ አምነዋል፣ ከዚያ ግን ለዚያ ግፊት ከመሸነፋችን በፊት ይላሉ። ዳኛ ብላክመን በተቃውሞ ሐሳባቸው "ምስኪን ጆሹዋ!" ብለው ጻፉ። በዚያ ፍርድ ቤት ታሪክ እንዲህ ያለ ጩኸት ብዙም አይታይም።

ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ጉዳይ የሚያወራው ልብ ያለው ዳኛና ልብ የሌለው ዳኛ ብሎ ነው። እኔ ግን የሚያሳምነኝ ሦስተኛው ጽሑፍ ነው፣ ውሳኔውን የተቃወሙት የሌላው ዳኛ፣ የብሬናን። ብሬናን አላለቀሱም። እንዲህ ነው ያሉት፦ መንግሥት ራሱ የሕፃናት መጠበቂያ ሥርዓት ሲዘረጋ ጎረቤቱም፣ ሐኪሙም፣ ፖሊሱም "ለእነሱ ተናግሬያለሁ" ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልነበረም፤ ሌላው እንዳይረዳው አድርጓል። እዩት፣ ይህ ሐዘኔታ ምክንያት ሆኖ ሲወጣ ነው። ያ ልጅ ብቻውን መቅረቱን ያስተዋለ ሰው ነው "ለምን ብቻውን ቀረ?" ብሎ የሚጠይቀው። መልሱ ግን ማንም ሊከራከርበት የሚችል ክርክር ሆኖ ተጻፈ። ሬንኲስትም ቢሆኑ ስሜት አልነበራቸውም አልልም። መንግሥትን በማያደርገው ሁሉ ብንከስ ወዴት እንደርሳለን የሚል ስጋት ነበር፣ ስጋትም ስሜት ነው። ልዩነቱ የዚያን ስጋት ስም አለመጥራታቸው ነው።

ስሜትን ዋጥ ማድረግ ደግሞ በራሱ ዋጋ ያስከፍላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስና ባልደረቦቹ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ስሜታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይታይ እንዲደብቁ የተነገራቸው ሰዎች በዚያ ሰዓት ያዩትንና የሰሙትን በደንብ አላስታወሱም። አእምሯቸው ፊታቸውን በመጠበቅ ተይዞ ነበር። ነገሩን በሌላ ዓይን እንዲያዩት የተነገራቸው ግን ትዝታቸው አልተጎዳም። ስለዚህ ፊቱን ድንጋይ አድርጎ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ዳኛ ምስክሩ የተናገረው ሊያመልጠው ይችላል። ሐኪም ቁስል ሲያይ እንዴት እንደሚይዘው ልምምድ ያደርጋል፣ ከሥራ ጓዶቹም ጋር ያወራል። ዳኛ ግን ብቻውን ቢሮው ገብቶ በሩን ይዘጋል።

የተቀረውን ሥርዓቱ ራሱ ይሠራል፣ ወይም መሥራት አለበት። ቀጠሮ ቁጣ እስኪበርድ ጊዜ ይሰጣል፣ ሲበዛ ግን ሌላ በደል ነው። ሦስት ዳኛ ሲቀመጥ የአንዱ ብሽቀት በሌሎቹ ይታረማል። ዘመዱ የተከሰሰበት ዳኛ ከችሎት ይነሳል። ከሁሉ በላይ ግን እኔ የማምነው ምክንያትን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ ነው። "ፊቱ ደስ አላለኝም" ብሎ መጻፍ አይቻልም። ዳኛው ብዕር ሲያነሳ ስሜቱን ወደ ክርክር መለወጥ ይኖርበታል። ካልተለወጠለት እዚያው ላይ ራሱን ይይዛል፣ ራሱን ካልያዘም ይግባኝ ሰሚው ይይዘዋል። ጁሪ ግን ብዙ ቦታ ምክንያቱን አይጽፍም። ሊንዲን ጥፋተኛ ያሉት ሰዎች ምን እንዳሳመናቸው በፍርዱ ላይ አልጻፉም።

ስሜትን ሆን ብሎ አዳራሽ ያስገባ ተቋምም አለ፣ በአፓርታይድ ዘመን የተፈጸሙ በደሎችን ያጣራው የደቡብ አፍሪካው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን። በ1996 ኤፕሪል ኢስት ለንደን ከተማ ላይ መስማት ሲጀምር፣ ሊቀ መንበሩ ዴዝመንድ ቱቱ የአንድ ተጎጂ ቃል ከብዷቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። በኋላ ግን ከእንግዲህ በአደባባይ አላለቅስም ብለው ወሰኑ፣ ምክንያቱም ጋዜጠኛው ሁሉ ከተጎጂዎቹ ይልቅ እሳቸው ላይ አተኮረ። ይበልጥ የሚገርመኝ የምሕረት አሰጣጡ ነው። በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት ምሕረት የሚፈልግ ሰው ድርጊቱ ከፖለቲካ ዓላማ ጋር የተያያዘ መሆኑን ማሳየትና እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ነበረበት። ተጸጽቻለሁ እንዲል ግን ሕጉ አያስገድደውም። ብዙዎችን አስቆጥቷል፣ ይገባኛል። ግን አስቡት፣ ጸጸት መግቢያ ትኬት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያለቅስ ነበር፣ የመጣው እንባ ሁሉ ደግሞ የሚያጠራጥር ይሆን ነበር። እውነት ግን ከሌላ ምስክር ጋር ሊመሳከር ይችላል።

የአዛሪያ ጉዳይ በ2012 ጁን እንደገና ዳርዊን ከተማ ችሎት ላይ ቀረበ። ልጅቷ ከጠፋች 32 ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ነበር የቀረው። መርማሪ ዳኛዋ ኤልዛቤት ሞሪስ ማስረጃውን አንድ በአንድ አነበቡ፣ በሌሎች ልጆች ላይ የደረሱ የዲንጎ ጥቃቶችን ጨምሮ። የሞቷ ምክንያት ዲንጎ መሆኑን ወሰኑ። ውሳኔውን አንብበው ሲጨርሱ ወደ ቤተሰቡ ዞሩና ሐዘናቸውን ገለጹ። ድምፃቸው ተቆራረጠ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቤተሰቡ የተስተካከለውን የሞት ምስክር ወረቀት ተቀብሎ ከሕንፃው ወጣ።